ጭሱ ከብቅሉ፣ ሌላው ከበርሜሉ፦ ጭሳም የስኮትላንድ ውስኪ አቀማመስ

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው የጭስን ጣዕም ከማንም መማር አያስፈልገውም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥንስሱ የሚገባበት። የጠላ ጭስ እንግዲህ የዕቃው ጭስ ነው። በስኮትላንድ ጭሳም ውስኪ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭሱ የሚመጣው ከብቅሉ ነው፤ ዕቃው የሚያዋጣው ሌላ ነው። የኦክ በርሜሉ ቫኒላ፣ ኮኮናትና ቅርንፉድ ይሰጣል፤ ቀድሞ ወይን፣ ሩም ወይም ቢራ የነበረበት ከሆነ የዚያን ትራፊ ይጨምራል።

ጭሳም ውስኪ ያልተለመደ በርሜል ውስጥ ሲከርም ሁለቱ አንድ ብርጭቆ ላይ ይገናኛሉ። የቀማሹ ሥራ ይህ የብቅሉ ነው፣ ያ የበርሜሉ ነው ብሎ መለየት ነው። ይህ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ብቻ ከፍቶ አይሆንም። ከጎኑ የሚቀመጥ ወንድም ያስፈልገዋል፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ በተለመደው የቡርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በርሜል የከረመ። ወንድሙን ሳይቀምስ «ፖርት በርሜሉ ይሰማኛል» (ፖርት የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን ነው) የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የቀመሰው ጠርሙሱ ላይ ያነበበውን ነው።

ጭሱ ብቅሉን እንዴት ይይዘዋል

ፒት የሚባለው በረግረግ ቦታ ለሺህ ዓመታት እየተከማቸ በግማሽ የበሰበሰ የሣርና የቁጥቋጦ ንብርብር ነው። ይቆረጣል፣ እንደ ኩበት ይደርቃል፣ ይነዳል። ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ከበቀለ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ በዚህ ጭስ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ጭሱን የሚይዘው እርጥበቱ ነው፤ ብቅሉ ከደረቀ በኋላ ቢያጨሱት የሚቀበለው ጥቂት ነው። ገለባው ላይ የሚጣበቁት ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከእነሱ መካከል ጓያኮል የእንጨት ጭስ ጠረን አለው፤ ክሬሶል ደግሞ ወደ ፋሻና ወደ ሐኪም ቤት ሽታ ያደላል። በአይላ ደሴት ውስኪ «አዮዲን አዮዲን ይላል» የሚባለው ከዚህ ወገን ነው።

የጭሱ መጠን በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ፌኖል እንደሆነ) ይነገራል። ከጭሳሞቹ ውስኪዎች አርድቤግ 55፣ ፖርት ሻርሎት 40 ገደማ ነው፤ ኦክቶሞር «8.3» በተባለው እትሙ 309.1 ደርሷል። ይህ ቁጥር የሚለካው ግን ብቅሉ ላይ እንጂ ብርጭቆው ውስጥ ባለው ውስኪ ላይ አይደለም። ሲጠመቅ፣ ሲፈላና ሲወጣ ብዙው ፌኖል በየመንገዱ ይቀራል። አረቄው ሲወጣ ጭሱ የሚበረታው ወደ መጨረሻው ስለሆነ፣ አውጪው የቱ ጋ እንደሚቆርጠው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ላጋቩሊንና ኩል ኢላ ብቅላቸውን የሚያገኙት ከአንድ ቦታ፣ ከፖርት ኤለን ብቅል ቤት ነው፤ ብርጭቆ ላይ ግን ላጋቩሊን ከባድና ጥቁር፣ ኩል ኢላ ቀለል ያለና ሎሚ ሎሚ የሚል ነው። ዕድሜም አለበት፤ በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ጭሱ እየረገበ ይሄዳል። ስለዚህ በፒፒኤም ቁጥር ጠርሙስ አትምረጡ።

በርሜሉ፦ ሕጉና ጠባዩ

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮች ውስኪ ደንብ፣ ውስኪው ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ሲታሸግ ጥንካሬው ከ40 በመቶ በታች አይሆንም፤ ከውሃና ለቀለም ብቻ ከሚገባ የተቃጠለ ስኳር በቀር ምንም አይጨመርበትም። የትኛው በርሜል ይፈቀዳል የሚለው እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ «የተለመደ መሆን አለበት» በሚል ላላ ያለ ቃል ሲያከራክር የኖረ ነው። በዚያ ዓመት ዝርዝሩ ተሻሽሎ ወይን፣ ቢራና ሌሎች አረቄዎች የነበሩባቸው የኦክ በርሜሎች ሁሉ ተፈቀዱ። እንደ ኮክና ቼሪ ካሉ ባለ ጠንካራ ፍሬ ፍራፍሬዎች የተሠሩ፣ እንዲሁም ከፈሉ ወይም ከወጡ በኋላ ጣፋጭ ወይም ማጣፈጫ የተጨመረባቸው መጠጦች የነበሩባቸው ግን እንደተከለከሉ ናቸው። የተኪላና የሜዝካል (የሜክሲኮ አረቄዎች) በርሜል በስኮች ጠርሙስ ላይ በግልጽ መታየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

የበርሜሉ ስፋትም ይሠራል። የቡርቦን በርሜል 200 ሊትር ገደማ፣ የሼሪው (የስፔን ወይን) ትልቅ በርሜል 500፣ የፖርቱ 550 ገደማ ይይዛል። በርሜሉ ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ሊትር የሚነካው እንጨት ይበዛል። ላፍሮይግ ኳርተር ካስክ 125 ሊትር ገደማ በሚይዝ ትንሽ በርሜል የሚያርፈው ለዚህ ነው፤ ቫኒላውና ቅመሙ ቶሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ጠባያቸው። ከጭስ ጋር ከሁሉ የተሻለ የሚስማሙት እንደ ሞስካቴልና ሶተርን ያሉ የጣፋጭ ነጭ ወይን በርሜሎች ናቸው። ማር፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የብርቱካን ልጣጭ ይጨምራሉ፣ ጭሱን ግን አይደፍኑትም። በወይራ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ብርዝ የቀመሰ ሰው ምን ለማለት እንደተፈለገ ወዲያው ይገባዋል። ፖርት እንጆሪና የደረቀ ፕሪም ያመጣል፤ ቀለሙንም ወደ ሮዝ ይጎትተዋል። ጭሱ የእንጨት ጭስ ከሆነ ያምራል። ጭሱ የመድኃኒት ጠባይ ሲኖረው ግን ሁለቱ ተደምረው የልጆች የሳል ሽሮፕ ይመስላሉ፤ ይህ የአፍንጫችሁ ስህተት አይደለም።

ደረቅ ቀይ ወይን ከሁሉ አደገኛው ነው። ታኒኑ ድድ ያደርቃል፣ እንዳልበሰለ ሙዝ አፍ ይይዛል፤ ጭሱ ራሱ ደረቅ ስለሆነ ድርቀት በድርቀት ይሆናል። ሲሳካ ግን ከፍም ላይ የወረደ ሥጋ ጠረን ይሰጣል፣ ይህም የሚያስከብር ውጤት ነው። አርድቤግ እ.ኤ.አ. በ2020 በኒውዚላንድ ፒኖ ኖዋር (ቀይ ወይን) በርሜል ሞክሮታል። የሩም በርሜል የበሰለ ሙዝና ጥቁር ስኳር ይሰጣል፤ አርድቤግ ድረም (እ.ኤ.አ. 2019) እና ግሌንፊዲክ ፋየር ኤንድ ኬን በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ላጋቩሊን የ11 ዓመት ውስኪውን በጊነስ (ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ) በርሜል አሳርፎ በ46 በመቶ አውጥቶታል። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለብን የተቆላ እህልና ጭስ በቀላሉ ስለሚምታቱ ነው። አሻሮ ሲቆላ የሚሸተውን አስቡ፤ ያ ቆላ ቆላ የሚለው ጠረን የስታውቱ ነው፣ መጨረሻውም እንደ ቡና አተላ መረር ይላል። ጭሱ ግን አፍ ውስጥ አይቀመጥም፤ ትንፋሽ ሲወጣ በአፍንጫ ይመለሳል።

ሚዙናራ የተባለው የጃፓን ኦክ ውስኪ ያንጠባጥባል፣ ለመሥራትም ያስቸግራል፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ የሚሰጠው ጠረን ደግሞ ሰንደልና ዕጣን ነው። ቦውሞር እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶታል። ለእኛ አፍንጫ ከሁሉ ቅርብ የሆነው ይህ ነው። ምንም ያልነበረበት አዲስ ኦክ ሌላ ፈተና አለው። ውስጡ በእሳት ስለሚለበለብ ራሱ ጓያኮል ያፈራል፣ ስለዚህ የእንጨቱን ቃጠሎ የፒት ጭስ ነው ብሎ መሳሳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጥቁር ባሕር አካባቢ ኦክ የወጣውን አርድቤግ ኬልፒ ስትቀምሱ ይህን አስታውሱ።

ተቃራኒውም አለ። ጭስ የሌለበት ውስኪ፣ ጭሳም ውስኪ የነበረበት በርሜል ውስጥ ገብቶ ጭስ የሚቀበልበት ጊዜ አለ፤ የባልቬኒ የ17 ዓመቱ አይላ ካስክ እንዲህ ነው። የዚህ ጭስ ልክ እንደ ጠላው የዕቃው ጭስ ነው። ቀለል ያለ አመድ እንጂ አዮዲንና ሬንጅ አይጠበቅበትም።

የጠርሙሱን ጽሑፍ ስታነቡ «ፊኒሽድ» ማለት የመጨረሻዎቹን ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ብቻ እዚያ በርሜል አሳለፈ ማለት ነው። «ማቹርድ» ሙሉ ዕድሜውን ሊሆን ይችላል፤ የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትመኑ። «ናቹራል ከለር» (ቀለም አልተጨመረበትም) የሚል ከሌለበት ስለ ቀለሙ ምንም አትናገሩ።

ወንድማማቾቹን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንካሬያቸው እኩል የሆኑትን ውሰዱ። ታሊስከር 10 እና በፖርት በርሜል ያረፈው ታሊስከር ፖርት ሪ ሁለቱም 45.8 በመቶ ናቸው። የኩል ኢላ 12 ዓመቱና በሞስካቴል በርሜል ያረፈው ዲስቲለርስ ኤዲሽን ሁለቱም 43 በመቶ ናቸው። ለጀማሪ ከሁሉ አስተማሪው የኩል ኢላው ጥንድ ነው፣ ምክንያቱም አረቄው ራሱ ንጹሕና ቀጭን ስለሆነ በርሜሉ የጨመረው ነገር መደበቂያ የለውም።

አርድቤግ 10 (46 በመቶ) እና የሼሪ በርሜል ያለበት አርድቤግ ኡጋዳል (54.2 በመቶ) ድንቅ ጥንድ ናቸው፤ ሼሪ ራሱ ያልተለመደ የሚባል በርሜል ባይሆንም። ችግሩ ጥንካሬያቸው አይገጥምም፤ መጀመሪያ ማስተካከል አለባችሁ። እንደዚሁ ካልተስተካከሉ «ጣፋጭና ወፍራም ነው» ያላችሁት የሼሪው ሳይሆን የአልኮሉ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የቀዳችሁትን ሚሊ ሊትር በጠርሙሱ ጥንካሬ አባዙ፣ በምትፈልጉት ጥንካሬ አካፍሉ። የሚወጣው ጠቅላላ መጠኑ ነው፤ ከእሱ ላይ የቀዳችሁት ሲቀነስ የውሃው መጠን ይገኛል። 20 ሚሊ ኡጋዳል፦ 20 ሲባዛ በ54.2፣ ሲካፈል ለ46፣ 23.6 ይሆናል። ስለዚህ 3.6 ሚሊ ውሃ። 60 በመቶ የሆነ ጠርሙስ ከሆነ በ20 ሚሊ ላይ 6 ሚሊ ውሃ ወደ 46 ያወርደዋል። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሲሪንጅ ግዙ፤ በማንኪያ ግምት አይሠራም።

ውሃው ጋዝ የሌለው፣ ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውሃ ይሁን። አምቦ አይሆንም፤ ጋዙም ጨውነቱም ምላስን ይይዛል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከሌላ ውስኪ ይልቅ ጭሳሙን ይጎዳዋል፤ ክሎሪን ከፌኖል ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል፣ ይህም በጣም በትንሽ መጠን እንኳ የመድኃኒት ጣዕም አለው። ያኔ ፋብሪካውን ታሙታላችሁ፣ ጥፋቱ ግን የቧንቧው ነው።

ክፍሉ፣ ብርጭቆው፣ አፉ

ቡና በተፈላበትና ዕጣን በጨሰበት ክፍል ጭሳም ውስኪ አይቀመስም። ጭስ በጭስ ላይ ሲመጣ አፍንጫ ይደነዝዛል። ሽቶ፣ የፀጉር ቅባትና ጠረን ያለው የእጅ ሳሙናም እንዲሁ። ቡና፣ ሚጥሚጣና የጥርስ ሳሙና ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይቁሙ። በባዶ ሆድ አትጀምሩ፤ ቂጣ ወይም ነጭ ዳቦ በቂ ነው፤ በመሃልም ምላስ ለማጽዳት ያገለግላል።

የአረቄ መለኪያ ለዚህ አይሆንም። አፉ ክፍት ስለሆነ ጠረኑ ይበተናል፣ ጠባብ ስለሆነም ማወዛወዝ አይቻልም። ሆዱ ሰፋ ብሎ አፉ የሚጠብ ብርጭቆ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሸጠው ግሌንኬርን ለዚህ የተሠራ ነው፤ ትንሽ የነጭ ወይን ብርጭቆም ያው ሥራ ይሠራል። ዋናው ነገር ሁለቱ ብርጭቆዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ባዶውን አሽቱት። የቁም ሳጥን ወይም የፎጣ ጠረን ካለው እንደገና እጠቡት።

በእያንዳንዱ ብርጭቆ 20 ሚሊ ቅዱ፤ 70 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ 35 ጊዜ ያህል ይቀዳል። ብርጭቆዎቹን በሲኒ ማስቀመጫ ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ። በረዶ አትጨምሩ፤ ቅዝቃዜ ጠረኑን ያፍነዋል፣ ታኒኑንም ያጎላዋል። የክፍሉ ሙቀት 18 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል።

ማሽተት

ሥራው በአብዛኛው ያለው እዚህ ነው። ከቡርቦኑ ወንድም ጀምሩ። ሲኒ ማስቀመጫውን አንሱና ብርጭቆውን አገጭ አካባቢ ያዙት፤ አፍንጫ ውስጥ አትክተቱ። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡ። ከ12 ዓመቱ ኩል ኢላ መጀመሪያ የሚመጣው የጠፋ እሳት ነው፤ ውሃ የተረጨበት ፍም። ሁለተኛው ላይ የሎሚ ልጣጭ፣ ሦስተኛው ላይ ዘይት ዘይት የሚል ነገር። ሦስቴ ወይም አራቴ አጭር አጭር ከሳባችሁ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ዕረፍት አድርጉ፣ የራሳችሁን እጅጌ ወይም ንጹሕ ውሃ አሽቱ።

ከዚያ ወደ ሞስካቴሉ እለፉ። መጀመሪያ ጭሱ ያው ነው፣ «ልዩነቱ የታለ» ያሰኛል። ታገሡ። አፍንጫ አንድን ጠረን ደጋግሞ ሲያገኝ ለዚያ ጠረን ይሰለቻል፤ ጭሳም ውስኪ ላይ መጀመሪያ የሚሰለቸው ጭሱን ነው። ይህን ድካም ተጠቀሙበት። ሁለቱን ብርጭቆዎች እያፈራረቁ ለሁለት ደቂቃ ያህል ካሸተቱ በኋላ ጭሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከበስተጀርባው የነበረው ብቅ ይላል፤ በአንዱ ሎሚው ብቻ፣ በሌላው ሎሚው ላይ የተደረበ ዘቢብና ቀረፋ። በአንደኛው የሌለ፣ በሁለተኛው ያለ ነገር ሁሉ በመጀመሪያ ግምት የበርሜሉ ነው። በሁለቱም ያለው የአረቄው ነው። በአንደኛው ኖሮ በሁለተኛው የጠፋ ካለ ደግሞ በርሜሉ የሸፈነው ነው፤ ብዙ ቀማሽ የሚረሳው ይህን ሦስተኛውን ነው።

ስታስታውሱት በራሳችሁ ቃል ጻፉት። የባሕር አረም አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ «የባሕር አረም» አትበሉ። ለጭስ አማርኛ ደሃ አይደለም፦ የወይራ ጭስ፣ የኩበት ጭስ፣ የጠፋ ክብሪት፣ የከሰል ፍም፣ ትኩስ ሬንጅ፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ሰንደል። እነዚህን መለየት ከቻላችሁ የትኛው የፒት፣ የትኛው የእንጨቱ፣ የትኛው የብልሽት እንደሆነ መንገዱን ይዛችኋል።

መቅመስ፣ ከዚያ ውሃ

የመጀመሪያዋ ጉንጭ ለፍርድ አትሆንም። 2 ሚሊ ያህል ወስዳችሁ አፍ ውስጥ አዙሩና ዋጡት፤ ምላስ ከአልኮሉ ጋር እንዲለምድ ነው። ሁለተኛዋ 5 ሚሊ ያህል ትሁን። 10 ሰከንድ ያዙት፣ ከምላስ በታችም ይግባ፣ ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ጭሱ ሙሉ በሙሉ የሚታየው በዚህ ትንፋሽ ነው። ምላስ ላይ የቀረው ጣፋጭነትና ድርቀት ደግሞ በአብዛኛው የበርሜሉ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ትንፋሹ ምን አለው? ድዱስ ምን ይላል?

ከዋጣችሁ በኋላ ሰዓት ተመልከቱ። ጥሩ ጥንድ ላይ ወንድማማቾቹ የሚለያዩት እዚህ ነው። የወይን በርሜሉ ጣፋጭ ቶሎ ጠፍቶ ጭሱ ብቻውን ከቀረ በርሜሉ ገና አልተዋሐደም፣ ላዩን የተቀባ ነው። ጣፋጩና ጭሱ አብረው ከቀነሱ ተዋሕደዋል።

አሁን ውሃ። ለሁለቱም እኩል፣ ግማሽ ሚሊ በግማሽ ሚሊ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካርልሰንና ፍሪድማን የተባሉ የስዊድኑ ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ አልኮሉ እስከ 45 በመቶ ሲሆን ጓያኮል ወደ ፈሳሹ ላይኛ ገጽ ይወጣል፤ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን አልኮሉ ከብቦት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ጠንካራ ጠርሙስ ውሃ ሲያገኝ ጭሱ ይበልጥ ቢሸታችሁ አትገረሙ። በመጨረሻ ከቀረው ላይ እኩል በእኩል ውሃ ጨምሩ። 46 የነበረው 23 በመቶ ይሆናል፤ ለመጠጥ አያምርም፣ ለማሽተት ግን ወሳኝ ነው። ውስኪ ቀማሚዎች ናሙናቸውን ወደ 20 በመቶ አውርደው የሚያሸቱት ጉድለቱ እዚያ ስለሚጋለጥ ነው። 46 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ በቅዝቃዜ ያልተጣራ ውስኪ ውሃ ሲነካው ሊደፈርስ ይችላል፤ የስቡ ነው፣ ምንም አይደለም።

ልዩነቱ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ

ስሙን እያወቁ መቅመስ ያሳስታል። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቅዳላችሁ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፣ እያንዳንዱ 10 ሚሊ። ምልክቱ ከብርጭቆው ሥር ይጻፍ። ቀለም እንዳይመራችሁ መብራቱን ቀንሱ ወይም ብርጭቆዎቹን በወረቀት ጠቅልሉ፤ የፖርቱ ሮዝነት ብቻውን መልሱን ይሰጣልና። የተለየውን በማሽተት ብቻ ፈልጉ፣ ከዚያ በመቅመስ። በግምት ከሦስት አንዴ ይገኛል፣ ስለዚህ አንዴ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። በስድስት ሙከራ አምስት ጊዜ ካገኛችሁት ለአፍንጫችሁ እውነተኛ ልዩነት ነው። ስድስቱን በአንድ ምሽት አታድርጓቸው።

መጠኑንም እንቁጠር። 20 ሚሊ የ46 በመቶ ውስኪ 9.2 ሚሊ ንጹሕ አልኮል አለው፤ በብሪታንያ አቆጣጠር አንድ ዩኒት 10 ሚሊ ነው፣ ምክሩም በሳምንት ከ14 ዩኒት አትለፉ ነው። ጥንዱና የሦስቱ ብርጭቆ ሙከራ በአንድ ቀን ቢሆኑ ከ3 ዩኒት ያልፋል። ባለሙያዎች ይተፋሉ፤ እናንተም ትፉ። መኪና የሚነዳ ሰው ያሽትት እንጂ አይዋጥ።

የሚበላሹ ነገሮች

የተጫረ ክብሪት፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጎማ ከሸተታችሁ ድኝ ነው። የወይንና የሼሪ በርሜሎች ባዶ ሲቀመጡ እንዳይሻግቱ ውስጣቸው ድኝ ይቃጠልባቸዋል፤ ያ አንዳንዴ ወደ ውስኪው ያልፋል። ከጭስ ጋር ይምታታል፤ መለያው ድኝ አፍንጫን መውጋቱ ነው፣ ፌኖል ግን ይሸፍናል እንጂ አይወጋም። ብርጭቆውን ግማሽ ሰዓት ክፍት ተዉት፤ ቀላሉ ድኝ ይበራል፣ ጎማው ግን ይቀራል።

ካርቶንና እርጥብ ጋዜጣ የሚሸት ከሆነ ቡሹ ነው፤ ጠርሙሱን ለሻጩ መልሱት። ጭሱም በርሜሉም የጠፋ ጠፍጣፋ ውስኪ ካገኛችሁ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ። ከግማሽ በታች ሆኖ ለወራት የቆመ ጠርሙስ በአየር ይደክማል፤ ሲደክም ሁለቱ ወንድማማቾች እኩል ስለማይደክሙ አዲስ የተከፈተን ከቆየ ጋር ማወዳደር ፍርድ ያዛባል። ሁለቱን በአንድ ቀን ክፈቱ፣ ሲሶ ሲቀራቸው ወደ ትንንሽ ጠርሙስ ገልብጡ። ጠርሙሱን አቁማችሁ ከብርሃን አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

ሁለት ጭሳም ጥንዶችን በአንድ ምሽት ለመቅመስ ካሰባችሁ ቀለል ያለውን አስቀድሙ፣ ታሊስከር ከአርድቤግ በፊት። ጭስ የሌለበት ውስኪ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይሁን። ከኦክቶሞር በኋላ ለስላሳ ውስኪ ማቅረብ ውስኪውንም እንግዳውንም መበደል ነው።

ብርጭቆዎቹን ማታውን አትጠቧቸው። የትኛው የማን እንደሆነ ምልክት አድርጋችሁ ባዶአቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳድሯቸው። አልኮሉና ቀለል ያለው ጠረን ሌሊቱን ይሄዳል፤ ከባዱ ፌኖልና የበርሜሉ ቫኒላ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ደርቀው ይጠብቃሉ። ጠዋት፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት፣ ሁለቱን አሽቱ። ከአንዱ ቀዝቃዛ አመድ ብቻ ይወጣል። ከሌላው አመድና ማር ከወጣ በርሜሉ ሥራውን ሠርቷል።